ያልደርስ ያለው የሠርግ ኮት

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ነው... ሠርጌ እሁድ ነው፣ የምዳርበት ሙሉ ልብስ ግን ገና ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔም ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ሥላሴ አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ለሠርጌ ብዬ ጥቁር ሱፍ ገዛሁና ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ላላቸው ልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። የጉራጌ ሰው ናቸው፣ ሽበታም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። «በሁለት ሳምንት ይደርስልሃል» አሉኝ።

በሁለት ሳምንቱ ሄድኩ። «ማክሰኞ ና ልጄ።» ማክሰኞ ሄድኩ፣ ክር አልቋል። ዓርብ ሄድኩ፣ መኪናው ተበላሽቷል... የስፌት መኪናውን ማለቴ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ሰበብ እንኳ አልፈለጉም። ኮቱን አልብሰው ዞር ዞር አድርገው አዩኝና፣ ሱቁ ውስጥ የተቀመጡትን ደንበኞች ቃኘት አድርገው «ሐሙስ» አሉኝ። በቃ።

መሥሪያ ቤት አርፍጄ በገባሁ ቁጥር አለቃዬ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩኝ «ዛሬስ ተሞሸርክ?» ይሉኛል። እጮኛዬ ሙሉ ደግሞ ትስቅብኛለች። «ጋቢ ደርበህ ብትመጣም አገባሃለሁ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ትለኛለች። እኔን ግን አላሳቀኝም።

እናም ያን ሐሙስ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስገሰግስ ዝናቡ መጣ። መንገድ ልሻገር ስል አንድ ታክሲ ጭቃውን ሱሪዬ ላይ ረጭቶብኝ አለፈ። ጥርሴን ነክሼ ጠረግኩ። ድልድዩ ጋ እስክደርስ ለጋሽ ሸምሱ የምላቸውን ሁሉ በልቤ አሰናድቼ ነበር... አንዱም ለሽማግሌ የሚባል አልነበረም።

ሱቁ ውስጥ ቀሚሷን የምትጠብቅ አንዲት ሴትና ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ሰውዬ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሸምሱ ኮቱን አወጡ።

እጅጌ የለውም!

«ምንድነው ይሄ ጋሽ ሸምሱ?»

«ፈታሁት ልጄ።»

«ፈቱት?! እሁድ እኮ ነው ሠርጌ! ካልቻሉበት ለምን መጀመሪያውኑ አይነግሩኝም ነበር?»

ድምፄ ሱቁን ሞላው። ሴትየዋ አቀረቀረች። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ወደ ደንበኞቹ ጣል አደረጉ። ኮቱን እንደያዙ መልሰው እኔን አዩኝ። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ያ ያሰናዳሁት ስድብ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። እንዴት እንደዋጥኩት ዛሬም አላውቅም።

«እሺ... እጠብቃለሁ» አልኩና በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጠበቅኩ። ሴትየዋ ቀሚሷን ለካች፣ አልወደደችውም፣ እንደገና ለካች። ሰውየው ስለ ዝናቡ ብዙ አወራ። የምሳ ሰዓቴ አለቀ። በመጨረሻ ሁለቱም ሲወጡ ጋሽ ሸምሱ በሩን ገርበብ አደረጉትና አጠገቤ መጡ።

«ሰው ፊት የሚነገር አልሆነልኝም ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግራ ትከሻህ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱን እኩል አድርጌ ስሰፋው ኮቱ ይንጋደዳል። ይኸው ሦስተኛዬ ነው ስፈታው። አስተካክዬ ልለካህ ስል በመጣህ ቁጥር ሰው አለ። ምን ልበል?»

ክው አልኩ።

በሰባት ዓመቴ ከዛፍ ወድቄ ወጌሻ ነበር ያሸኝ፣ አጥንቱም እንደተንጋደደ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ስነሳ በጎን ነው የምቆመው። ሰው መሀል ስቀመጥ ግራዬን ወደ ግድግዳው አደርጋለሁ። ለሙሉ እንኳ አልነገርኳትም። ማንም አያውቅም ብዬ ነበር የምኖረው። እኚህ ሰው ግን ከመጀመሪያው ልክ ጀምሮ አውቀውታል፣ አውቀውም ሸፍነውልኛል።

«ታዲያ ክር አለቀ ያሉኝ? መኪናው ተበላሸ ያሉኝስ?»

«መኪናው ደህና ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት «አትነቃነቅ!» አሉኝ እስፒል በከንፈራቸው እንደያዙ። ያን ቀን ሥራ አልተመለስኩም። ከሰዓቱን ሙሉ እንደ ምሰሶ ቆምኩላቸው። ምልክት ያደርጋሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ ያጠፉና እንደገና ያደርጋሉ። የሚገርመው፣ አልሰለቸኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ለብሼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ሁለቱ ትከሻዎቼ እኩል ናቸው! ጋሽ ሸምሱም ጉድፍ የመሰላቸውን ከጀርባዬ ላይ እያራገፉ «ትዳራችሁን ያሳምርላችሁ» አሉኝ።

እሁድ፣ ከሠርጉ መሀል ወጣ ብለን ፒያሳ ፎቶ ቤት ገባን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ሲያስተካክል፣ ሙሉ እጇን ግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ጫን ጫን አደረገችውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እዚህ ጋ ጥጥ ጨመሩበት አይደል? እንዴት ያሉ ባለሙያ ናቸው!»

ደርቄ ቀረሁ። «ታውቂ ነበር?»

«መጀመሪያ ያየሁህ ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነዋ!»

እኔ አንድ ወር ኮት ጠብቄ ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት ስጮህ፣ እሷ ሁለት ዓመት... ፎቶ አንሺውም ይኼኔ አነሳን።

በሠርጋችን ፎቶ ላይ አፌ ተከፍቶ የሚታየው እንግዲህ ለዚህ ነው።