ቀንድ አውጣዎቹና የዓሦቹ ጾም

የመጀመሪያዋን ቀንድ አውጣ ያየኋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። አኳሪየሙ የቆመው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ብሩሹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ዓሦቼን ማየት ልማዴ ነበር። የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ነገር መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች። ቆሻሻ መስላኝ በጣቴ ስጠርጋት አልለቀቀችም፤ ከውስጥ በኩል ናት። ትንሽ ቆይታ ሁለት ቀንዶቿን አወጣችና መንገዷን ቀጠለች። አፌን ሳልጉመጠመጥ አክስቴን ልጠራ ሮጥኩ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አውሮራ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አብረን እንኖር ነበር። አየር ማረፊያው ውስጥ ተሳፋሪ በዊልቸር ይገፋሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይመለሳሉ። የዚያን ቀን ረፍታቸው ነበር።

“ይህቺን ደግሞ ማን ጋበዛት?” አሉ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ።

“ማንም። ራሷ ናት የመጣችው።”

“ቪዛ ሳትጠይቅ? ጎበዝ ናት።”

ሁለታችንም ሳቅን። በማግስቱ አራት ሆኑ። በሳምንቱ ስቆጥር ሃያ ሦስት ደረሱ፤ ሳቁም አበቃ።

ያበቃበት ምክንያት አለው። ያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የምመረቅበት ነበር። ከኦገስት ጀምሮ አንድ የሦስተኛ ክፍል ሙሉ በሙሉ የእኔ እንደሚሆን ተነግሮኝ ነበር፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ክፍሌ። የዓመቱን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት የሳይንስ ትምህርት ያቀድኩት በዚህ አኳሪየም ዙሪያ ነው። ዓሣ በምን ይተነፍሳል፣ ተክል በውሃ ውስጥ ምን ይበላል፣ ውሃው ለምን ይጎድላል፤ እያንዳንዱን ቀን በቀለም ለይቼ ጽፌዋለሁ። ችግሩ፣ ከክፍሌ ቀጥሎ ያለው ክፍል ባለቤት፣ እንድታስለምደኝ የተመደበችው አንጋፋ መምህርት፣ ሦስት አኳሪየሞች አሏት። ዕቅዴን ስነግራት ዓይኗ በራ፤ ከዚያ ጣቷን ቀሰረች።

“አምጣው፤ ግን አንድ ቀንድ አውጣ ካለበት ከበሩ አያልፍም። እኔ የእኔን ለማጥፋት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቤትህ መጥቼ አየዋለሁ።”

ስለዚህ አኳሪየሙ ካልጸዳ ስድስት ሳምንቱም የለም።

መምህር ነኝና መጀመሪያ ያደረግኩት ከየት እንደመጡ ማጥናት ነው። መልሱ አሳፋሪ ነበር። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ከፋሲካ ጥቂት ሳምንታት በፊት ከአንድ የቤት እንስሳት ሱቅ ሦስት የውሃ ተክሎች ገዝቼ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ጭኔ ላይ ይዤ፣ በ15 ቁጥር አውቶቡስ በኮልፋክስ ጎዳና እየተንፏቀቅኩ መጥቼ ነበር። ቤት ስደርስ ልክ እንደ ጎመን በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ ተከልኳቸው። የቀንድ አውጣ እንቁላል ግን ጠጠር አይደለም፣ ታጥቦ አይወርድም። እንደ ጄሊ የጠራ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ካላወቁት የውሃ ጠብታ ይመስላል። ደግሞም ብዙዎቹ ዓይነቶች ወንድም ሴትም በአንድ አካል ናቸው። አንዲት ብቻ ብትተርፍ ቤተሰብ መመሥረት ትችላለች። ይህን ሳነብ ከመናደዴ ይልቅ መደነቄ በለጠ፤ እራት ላይ ለአክስቴ አስረዳሁ፣ በስልክ ለእናቴ አስረዳሁ።

“የኔታ፣ ትምህርቱ አለቀ?” አሉኝ አክስቴ። “ወጡ ቀዘቀዘ።”

ሥራ ተጀመረ። ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ የሰላጣ ቅጠል በድንጋይ አስሬ ውሃው ውስጥ እጥላለሁ፤ ጠዋት ቀስ ብዬ ሳወጣው እንደ ዘቢብ ተለጥፈውበት ይመጣሉ። ቆጥሬ እመዘግባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጠጠሩን ቆሻሻ በጎማ ቱቦ እስባለሁ። ተክሎቹን ነቅዬ፣ አንድ እጅ በረኪና በሃያ እጅ ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ፣ በሰዓት ይዤ ነከርኩ፤ ደጋግሜ ካለቀለቅኩ በኋላ በረንዳ ላይ በባልዲ ውስጥ ለብቻቸው አቆየኋቸው። መጀመሪያ ያልሠራሁትን ጥንቃቄ ሁሉ አሁን ሠራሁ። የሚገድል መድኃኒትም ይሸጣል። ነገር ግን አብዛኛው መዳብ አለበት፤ መጠኑ ከተሳሳተ ዓሣውንም ይጎዳል። አሥራ ሁለት ዓሦች ነበሩኝ፤ የጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያለባቸው። እነሱን አልነካም አልኩ።

ደብተሩ ግን አልተባበረኝም። ሰኞ ሠላሳ አንድ አወጣሁ፤ ሐሙስ ሠላሳ ስድስት። በሚቀጥለው ሳምንት አርባ። ሠላሳ ባወጣሁ ቁጥር አርባ ይተካሉ። ሜይ አልቆ ጁን ገባ። የተማርኩትን ሁሉ እየሠራሁ ቁጥሩ ለምን ወደ ላይ እንደሚሄድ ሊገባኝ አልቻለም።

ምስጢሩን ያወጣው የዓሣ ምግቡ ቆርቆሮ ነው። የከፈትኩትን ነገር ሁሉ የተከፈተበትን ቀን የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ወተት፣ ሳሙና፣ ሁሉንም። አንድ ጠዋት ቆርቆሮውን ሳነሳ ቀለለኝ። ገልብጬ ቀኑን አየሁ። እኔ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ነው የምሰጠው፤ በዚያ አያያዝ ቢያንስ ስድስት ወር ሊቆይ የሚገባው ምግብ በአምስት ሳምንት ሊያልቅ ደርሷል።

አክስቴ ከሥራ ሲመለሱ ቆርቆሮውን ይዤ ጠበቅኋቸው።

“አክስቴ፣ ለዓሦቹ ምግብ ይሰጣሉ እንዴ?”

“አዎ። አንተ አትሰጥም?” አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

“በቀን ስንት ጊዜ?”

“እኔ ስበላ ነዋ።”

የእሳቸው ወንበር ከአኳሪየሙ ጎን ነበር። ምሳቸውን ይዘው ሲቀመጡ አሥራ ሁለቱም ዓሦች ወደ መስታወቱ ይመጣሉ፤ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አክስቴ ደግሞ ሰው እያያቸው ብቻቸውን በልተው አያውቁም። አየር ማረፊያው የእረፍት ክፍል ውስጥ እንኳ የማያውቁትን ሰው “እንብላ” ሳይሉ ሳንድዊቻቸውን አይከፍቱም። ስለዚህ ለራሳቸው አንድ ጉርሻ፣ ለዓሦቹ አንድ ቁንጥር።

“አልራባቸውም እኮ፣” አልኩ። “ጥላ ሲያዩ መምጣት ለምደው ነው። ከበሉት የተረፈው ጠጠሩ ውስጥ ይወርዳል። እሱን የሚበሉት ቀንድ አውጣዎቹ ናቸው። ምግብ በበዛ ቁጥር እንቁላሉ ይበዛል። እኔ እለቅማለሁ፣ እርስዎ ይቀልቧቸዋል።”

“ጠግቤያለሁ ብሎ ነግሮህ ያውቃል ዓሣው?”

“አይናገርም።”

“እንግዲያው በምን አወቅህ?” ቆርቆሮውን ተቀበሉኝና ጽሑፉን ከዓይናቸው አራቁት። “ለመሆኑ ይኼ ከምንድን ነው የሚሠራው?”

“አብዛኛው ከዓሣ ዱቄት።”

“ዘመዳቸውን ነው እንዴ የማበላቸው?” ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። “ስማ። እስከ ዛሬ በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ በየቀኑ በልቻለሁ፣ እነሱም አብረውኝ በልተዋል። አሁን የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ይጹሙ።”

በደብተሬ ላይ ቀኖቹን ተመለከትኩ። ቁጥሩ መውጣት የጀመረው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ያህል ቀን ስቆጥር የቀን መቁጠሪያውን ግን አላየሁትም ነበር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ መልሱ እኮ ከፊቴ ተቀምጦ ምሳ ይበላ ነበር።

“ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ሲባል ስንከራከር ኖርን፣” አሉ አክስቴ። “ዓሣው ራሱ ይጹም ያለ ግን አልሰማሁም።”

እኔ ያሰብኩት በቀን አንድ ቁንጥር ብቻ ነበር። እሳቸው ከእኔ ባሱ። ምግቡን ወስደው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። አንድ ቀን እየዘለሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ቁንጥር ይሰጣሉ፤ አነበብኩ፣ ዓሦቹን አይጎዳም። ከሥራ መጥተው ሲቀመጡ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ጀርባቸውን ለዓሦቹ ሰጡ። አንዳንዴ ሳይዞሩ፣ “ታገሱ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም” ሲሏቸው እሰማለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰላጣው ላይ አሥራ ዘጠኝ መጡ። ከዚያ አሥራ አንድ። ከዚያ ስድስት። በየቀኑ ጠዋት እንደ ፈተና ውጤት ነበር የምጠብቀው። የሐዋርያት ጾም ሲፈታም የዓሦቹ አልተፈታም። ጁላይ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ተከታትሎ ዜሮ ጻፍኩ፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ። ፍልሰታ ሲገባ መምህርቷ በቀጠሯችን መጣች፤ የእጅ ባትሪና የማጉያ መስታወት ይዛለች። አክስቴ ከወንበራቸው ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁላት።

ሃያ ደቂቃ ያህል አኳሪየሙን መረመረች። መስታወቱን በአራቱም ማዕዘን አበራች፣ ጠጠሩን በእንጨት ገለበጠች፣ ደብተሬን ገጽ በገጽ አየች። ከዚያ የውሃ ማጣሪያውን ክዳን አንስታ ገለበጠችው።

“ና እየው።”

ክዳኑ ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ የውሃ ጠብታ የሚመስል ጄሊ። ውስጡ ነጫጭ ነጥቦች።

ክዳኑን ተቀብያት ወደ ብርሃን አስጠጋሁት። አክስቴ ትርጉም ሳይጠብቁ ፊቴን አይተው ገባቸው።

“ስንት ናቸው?” አሉ።

“እንቁላል ነው። አንድ ቦታ ብቻ።”

መምህርቷ ባትሪዋን አጠፋች። “ቁጥሩን ይህን ያህል ታወርዳለህ ብዬ አላምንም ነበር፣” አለችኝ። “ትምህርት እስኪጀመር አምስት ቀን አለህ። ተክሎቹና ማጣሪያው ይቅሩ። ባዶውን ሳጥንና ጠጠሩን አድርቅ፤ ምንም እርጥበት ሳይቀራቸው፣ እንደ አጥንት እስኪደርቁ። ደረቅ እንቁላል አይፈለፈልም። የማጣሪያ ስፖንጅ ከእኔ ትወስዳለህ።”

በዚህ ከተማ ማድረቅ ይቀላል፤ አየሩ ከንፈር የሚሰነጥቅ ነው፣ ውሃው እንኳ በሳምንት ሁለት ጣት ከአኳሪየሙ ይጎድል ነበር። ዓሦቹን በአዲስ ውሃ አለቅልቄ፣ አየር የሚነፋ ፓምፕ ባለው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ አደረግኋቸው። አክስቴ አንሶላ በረንዳው ላይ ዘርግተው ጠጠሩን እንደ ስጥ አሰጡት። ከሥራ እንደተመለሱ በየሰዓቱ በእጃቸው እየገለበጡ፣ ሦስት ቀን ጠበቁት። ጎረቤት ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ “የልጁ ትምህርት ነው” አሉ።

በአራተኛው ቀን ሁሉንም በእሳቸው መኪና ጫንነው። እኔ ባልዲውን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ እሳቸው ውሃው እንዳይፈስ ኮልፋክስን በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው እየነዱ ሄድን፤ ከኋላችን ክላክስ ሲነፋ አልሰሙም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደረጉ፤ ጠጠሩንም ራሳቸው ተሸከሙ።

መምህርቷ ከራሷ ማጣሪያ ያመጣችውን ስፖንጅ ሳጥኑን በሞላሁበት አዲስ ውሃ ውስጥ ጨመቀችው። ቡናማ ሆነ።

“አጥበን አጥበን?” አሉ አክስቴ ደንግጠው።

“ውስጡ ጠቃሚ ባክቴሪያ አለ፣” ብዬ ጀመርኩ፤ ስለ ዓሣ ቆሻሻ፣ ስለ አሞኒያ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ውሃው እየጠራ ነበር። ዓሦቹን ለቀቅኋቸው። አክስቴ ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ወንበሮች አንዱ ላይ፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡ፤ ከዚያ እጃቸውን አወጡ።

“ጥያቄ አለኝ፣ የኔታ። ዓሣ ውሃ ይጠማዋል?”

ይህ ጥያቄ በስድስቱ ሳምንታት ዕቅድ ውስጥ የትም አልነበረም። መልሱንም አላውቀውም። ጥያቄውን ለመምህርቷ ተረጎምኩላት፤ እሷ ግን ጠመኔ አቀበለችኝ።

ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ያን ምሽት የመጀመሪያውን ቀን ዕቅድ ሰርዤ እንደገና አወጣሁ። ሰኞ ሃያ ስድስት ልጆች ሲገቡ፣ ገና ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ስለሱ መከራከር ጀመሩ።