ጉልቤን ያደንኩ ዕለት

ጎሹን እንድተርክላችሁ ነው የምትፈልጉት፤ አውቃለሁ። ዝናብ በያዛችሁ ቁጥር እዚህ በረንዳ ላይ ትሰበሰቡና «ጋሼ፣ ከሁሉም የከፋው አደን የቱ ነው?» ትላላችሁ። ጎሹን ስነግራችሁ ነብሩን፣ ነብሩን ስነግራችሁ አንበሳውን። እንግዲህ ዛሬ እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሁሉ ዘመን ለፈረንጅ አዳኞች ዱካ እየመራሁ የአርሲንና የባሌን ተራራ ስዞር፣ እንደዚያን ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም። ጠመንጃ አልነበረኝም፤ የያዝኩት ጃንጥላ ነው። የማድነውም የገዛ ውሻዬን ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ዛሬ ዛሬ እስቃለሁ።

ወሩ ሐምሌ ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ ለምንኖር ሰዎች ሐምሌ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ያሳይና ያታልልሃል፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከእንጦጦ ተንከባሎ ወርዶ የጎረቤትህን አጥር እንኳ እንዳታይ ያደርግሃል። ከእኔ ጋር የነበረው በየነ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ሲያስነጥስ ሰፈሩን የሚያስደነግጠው። በአደኑ ዘመን ሾፌራችን ነበር፤ ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና በማውጣት የሚስተካከለው አልነበረም፣ ዱካ በማንበብ ደግሞ እንደ እሱ ያለ ደካማ አላየሁም። አሁን ጉልበቱን ያመዋል፤ ምላሱን ግን አንድም ነገር አላመመው።

ጉልቤን የሰጠኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ቪላ ተከራይቶ ሲኖር ቡችላ ገዛ፣ ከዚያ አፓርታማ ገባና «ጋሼ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይያዙልኝ» ብሎ አመጣው። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀም። የፈረንጅ ውሻ ነው፤ ከምን ዘር እንደተዳቀለ ልጁም አያውቅም። ጥጃ ያህላል። ሰው ሲወድ በሁለት እግሩ ቆሞ ትከሻ ላይ ይወጣል፣ ደግሞ የማይወደው ሰው የለም። ሌባ ቢመጣ ፊቱን ልሶ እቃውን ያሸክመዋል ብዬ እፈራ ነበር። ላሠለጥነው ያላደረግሁት የለም። ጉበት ይዤ «ተቀመጥ» አልኩት፤ ጉበቱ እስኪያልቅ ተቀመጠ። ፉጨት አስተማርኩት፤ ሳፏጭ ወደ ሌላ አቅጣጫ መሮጥን ተማረ። በገመድ ይዤው ስወጣ እኔን ያንሸራሽረኛል እንጂ እኔ እሱን አላንሸራሸርኩም። አንበሳ ተከትዬ የኖርኩ ሰው በአስፋልት ዳር በሆዴ ስጎተት ያየ ሰው ሁሉ ቆሞ ይመርቀኝ ነበር።

ለአንድ ሰው ብቻ ይገዛ ነበር፤ ለባለቤቴ ለጥሩነሽ። እንደምታውቁት ዓይኗ ከከዳት ቆይቷል፣ ብርሃንና ጥላ ነው የምትለየው። ዓይኗ ሲደክም ከአልጋ መውረድ ተወች፤ «የት ልሄድ፣ ምን ልሆን» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውል ነበር። ጉልቤ መጣና አፍንጫውን ከብርድ ልብሷ ስር ከተተ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የአንገቱን ጠጉር ጨብጣ እስከ አጥሩ ጥግ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እኔን በሆዴ የሚጎትተኝ ፍጥረት ከእሷ ጋር እንደ ሙሽራ ሚዜ ነው የሚራመደው። «ምን ብለሽው ነው?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። እውነትም ምንም አታዘውም። እጇን ግንባሩ ላይ ታሳርፍና «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ» ትለዋለች፤ በቃ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ይህን የሴት ማባበል ነው ብዬ ንቄ አልፌዋለሁ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉ ያሰጡትን ልብስ ከነገመዱ ጎትቶ መንገድ ላይ ያወጣው ጊዜ ግን ነገሩ ጠና። ነጠላቸውን በጭቃ ተለውሶ ይዘው መጡ። «አቶ ወርቁ፣ ወይ ይታሰር ወይ ይወገድ! እኔ ለውሻ ጥጥ አልፈትልም!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሰፈራችን ደግሞ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፤ ቀን ያልታሰረ ውሻ ማታ አይጠብቅም ይባላል። የብረት ችካል ጓሮ ቀበርኩና በሰንሰለት አሰርኩት። የአንገት ቀበቶውን በጭንቅላቱ አሾልኮ ወጣ። አጠበቅሁት፣ ማያያዣውን በጥርሱ ከፈተ። በመጨረሻ ተናደድኩና ቀበቶውንና ሰንሰለቱን በወፍራም ሽቦ ጠምጥሜ በፒንሳ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። «እንግዲህ መልአክም አይፈታህ» አልኩት። አፌን ቢቆርጠው ይሻል ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። መብረቁ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሁሉ አንቀጠቀጠው። ጉልቤ ነጎድጓድ ይፈራል፤ ያን ሁሉ ሰውነት ይዞ ነጎድጓድ ሲሰማ የሚገባበት ይጠፋዋል። የሐምሌ አፈር ገንፎ ስለሆነ ችካሉን ከነሥሩ ነቅሎ፣ አጥሩን ጥሶ ሄደ። እኔ ሳሎን ነበርኩ። የሰማችው ጥሩነሽ ናት። «ሄደ!» አለች፤ «ሰንሰለቱ እየጮኸ ሄደ!»

ካፖርቴን ስለብስ ግድግዳውን እየዳበሰች በሩ ድረስ ተከተለችኝ። ወደ አደን ስወጣ ሁልጊዜ «አደራ፣ ራስህን ይዘህ ና» ነበር የምትለኝ። ያን ቀን ግን እጄን ያዘችና «ያለ እሱ እንዳትመጣ» አለችኝ። ድምጿ ያኔ አልጋ ላይ ስትውል የነበራት ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ ተመልሶ ቤቴ ገባ። ስልኬን እንኳ ሳልይዝ ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።

በየነን በራፉ ላይ አገኘሁት። «የት ይሄዳል፣ ወደ ድሮ ቤቱ ወደ ሲ.ኤም.ሲ ነው የሚሄደው፤ ሚኒባስ እንያዝ» አለ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትውሰደኝ» አልኩት። ዱካው ፊት ለፊቴ ነበራ! የመዳፉ ምልክት የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፤ ከጎኑ ሰንሰለቱ እባብ የሄደበት የመሰለ መስመር ጥሏል፤ ችካሉ እየዘለለ የመታበት ቦታ ደግሞ እየተፈነቀለ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። ዕውር የሚያነበው ዱካ ነው፤ በየነ ግን አላየውም። ሽቅብ ወደ ደኑ ይወጣል።

ዝናብ ለዱካ ወዳጅም ጠላትም ነው። እርጥብ አፈር ላይ ቁልጭ አድርጎ ያትምልሃል፣ ዶፍ ሲደገም ደግሞ ጠርጎ ይወስድብሃል። ሰማዩን እያየሁ እሮጣለሁ። እሮጣለሁ ስላችሁ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሮጠውን ነው። ባሕር ዛፉ መሃል ስንገባ ጉሙ ዋጠን። ቅጠል የወደቀበት ቦታ ዱካው ይጠፋል፤ እዚያ ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን እያገላበጥኩ ሰንሰለቱ የላጠውን ሥር እፈልጋለሁ። በየነ ኋላዬ ያለከልካል። ሸንተረሩን ይዘን ወደ እንጦጦ ራጉኤል አቅጣጫ ስናዘግም አንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከመች ሴት ከጉሙ ውስጥ ወጣች።

«አባባ፣ ሰንሰለት የሚጎትት ውሻ ነው የሚፈልጉት?»

«እሱን ነው ልጄ! የት አየሽው?»

በአገጯ ወደ ፈፋው አመለከተችን። «ወደዚያ ወርዷል። ግን አይውረዱ። ሊመሽ ነው፤ ከትናንት ወዲያ አህያ የበሉበት ነው።»

ማን እንደበላ አልጠየቅናትም። በየነ ጉልበቱን ይዞ ቁልቁለቱን አየና «እኔ የደን ጠባቂዎቹን ልጥራ» አለ። «ሂድ» አልኩት። ቁልቁል ብቻዬን ወረድኩ።

የፈፋው አፋፍ ላይ ነው ያየሁት። ለስላሳው ጭቃ ላይ ሌላ ዱካ አለ፤ የፊት እግሩ ሰፊ፣ የኋላው ጠበብ ያለ፣ ጥፍሩ የማይሰበሰብ። ጅብ ነው። ጅብ መሆኑ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ የእንጦጦ ጅብ ጎረቤታችን ነው። የጅቡ እግር የሰንሰለቱን መስመር ረግጦታል። ከውሻዬ በኋላ ያለፈ ነው ማለት ነው። ትንሽ እልፍ ስል ሌላም ረግጦታል። እየተከተሉት ነው።

ልጆች፣ በሥራ ዘመኔ ነብር ለማስመጣት ፍየል አስረን አድፍጠን እንጠብቅ ነበር። የታሰረ እንስሳ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን የእኔው ጉልቤ አንገቱ ላይ ሰንሰለት አለው፣ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ችካል አለ፣ ችካሉ እዚህ ሁሉ ጉቶና ሥር ውስጥ መያዙ አይቀርም። ፍየሉን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በፒንሳ። «ሚካኤል ሆይ፣ የጥሩነሽን ልጅ አትውሰድባት» እያልኩ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

ታች አገኘሁት። ችካሉ በሁለት ሥር መካከል ገብቶ ተቀርቅሯል፤ ሰንሰለቱ ጉቶው ላይ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ጉልቤን ክንድ በማትሞላ ርዝመት አስቀርቶታል። ምላሱ ወጥቷል። እንዳይጮህ ድምፁ አልቋል። ወዲያ ማዶ፣ ጉሙ ሳሳ ባለበት፣ አንድ ጅብ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እንደ ሽማግሌ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። ከበላዩ ሌላ ጥላ ተንቀሳቀሰ።

ጉልቤ ሲያየኝ አበደ። ደስታው ያው የታወቀው በሽታው ነው፤ ዘሎ ትከሻዬ ላይ ሊወጣ ሲል ሰንሰለቱ መልሶ አንገቱን ያንቀዋል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይዘላል። «ተቀመጥ!» አልኩት። «ዝም በል! ተኛ!» ማን ሰምቶ! ሽቦውን ልፈታ ሞከርኩ፤ ያ እጄ የሠራው ሽቦ ጣቴን ሸረካከተው እንጂ ፍንክች አላለም። ችካሉን ልነቅል ጎተትኩ፤ እሱ በዚያ በኩል ሲጎትት እኔ በዚህ ስጎትት የባሰ ተቀረቀረ። መፍትሔው አንድ ነው፤ ሰንሰለቱ መላላት አለበት፣ ሰንሰለቱ እንዲላላ ደግሞ ይህ ውሻ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን ማድረግ፣ ዝም ብሎ መቆም አለበት።

ጅቡ ተነሳ። ጠረኑ ደረሰኝ። ወደ እኛ ጠጋ ሲል ጃንጥላዬን ፊቱ ላይ ቧ አድርጌ ከፈትኩበት። ደንግጦ ዘሎ ተመለሰ። ሁለተኛ ሲመጣ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩበት፤ አሁን ብዙም አልራቀም። ሦስተኛው ላይ ከጎን የመጣው የጃንጥላውን ጫፍ በጥርሱ ያዘና ከእጄ ነጥቆ ሲጎትተው የብረቱ ስብራት ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ በእጄ ምንም የለም። እናንተን ለማስፈራራት አይደለም የምነግራችሁ፤ ማልቀሴን ነው የምነግራችሁ። አለቀስኩ። ለራሴ አይደለም። ባዶ እጄን በር ላይ ስቆም፣ ጥሩነሽ ጆሮዋን ሰንሰለት ለመስማት ስታዘነብል ታየኝ።

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ትእዛዝ አልቆብኛል። የደማ እጄን ግንባሩ ላይ አሳረፍኩና የእሷን ቃል አልኩት። «አይዞህ» አልኩት። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ።» እሱን ይሁን ራሴን የማጽናናው አላውቅም።

ጉልቤ ቀጥ አለ። አንዴ ተነፈሰ፣ ከዚያ ያን የሚያህል ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አኖረው። ሰንሰለቱ ላላ። ግራ እጄን ከግንባሩ ሳላነሳ፣ «አይዞህ» ማለቱን ሳላቋርጥ፣ በቀኜ ሰንሰለቱን ከጉቶው ላይ ዞር ዞር አድርጌ ፈታሁት። ችካሉን ወዲያና ወዲህ ነቀነቅሁት። ጅቦቹ ሲተነፍሱ እሰማቸዋለሁ፤ ቀና ብዬ አላየሁም። ችካሉ ወጣ።

ብድግ ስል እሱም ተነሳ። ያን ጊዜ ጮኸ፤ ከተጎዳ ጉሮሮው የወጣ ጩኸት ነው፣ ግን ፈፋውን ሞላው። እኔም ችካሉን በሰንሰለቱ ጫፍ እያወናጨፍኩ ጮህኩ። ጅብ የወደቀ እንጂ የቆመ አይደፍርም። ወደ ኋላ አሉ። የአንገቱን ጠጉር እንደ እሷ ጨብጬ ሽቅብ ወጣን። አንዴም አልጎተተኝም። እስከ አፋፉ ከጎን ከጎን ተከተሉን፤ መንገዱ ላይ ስንወጣ ቀሩ።

በየነ ከሁለት ደን ጠባቂዎች ጋር ዱላ ይዞ እየፎከረ የመጣው ያኔ ነው። «የታል! የት አለ ያ ጅብ!» ይላል። ዝም ማለት አቃተኝ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩት። እስከ ዛሬ ይቀየመኛል።

ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰንሰለቱን ከሩቅ ሰምታዋለች። ጉልቤን ከጆሮው እስከ ጅራቱ ዳሰሰችው፣ አንገቱ የተላጠበት ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ የእኔን እጅ ፈለገች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካች። ገብታ የቅቤውን ቅል ይዛ ወጣች። ለውሻው ቁስል መስሎኝ አንገቱን ያዝኩላት። እሷ ግን ባርኔጣዬን አወለቀችና እፍኝ ሙሉ ቅቤ አናቴ ላይ አሳረፈች።

እናንተ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ድሮ ገዳይ ከአደን ሲመለስ ቅቤ ይቀባ ነበር። እኔን በዚያ ሁሉ ዘመን ቀብታኝ አታውቅም፤ «ለፈረንጅ ግዳይ የምቀባው ቅቤ የለኝም» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ምን ገድዬ ነው?» አልኳት።

«ምንም አልገደልክም» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ቅቤውን ታሸዋለች። «ይዘህልኝ መጣህ።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ጉልቤ የቅቤውን ሽታ ሰማ። በሁለት እግሩ ቆሞ ትከሻዬ ላይ ወጣና ደጄ ላይ በጀርባዬ ዘረረኝ፤ ግዳዬን ከአናቴ ላይ ልሶ እስኪጨርስ አልተነሳም። «ተቀመጥ!» እላለሁ ከስሩ ሆኜ። ጥሩነሽ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር፤ ስለዚህ መጮኼን ተውኩና ጭቃው ላይ ተጋድሜ አዳመጥኳት።

ሽቦውን በማግስቱ ቆረጥኩት። ይቺ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ የምትንኳኳዋ፣ ሁልጊዜ ምንድን ናት የምትሉኝ፣ ያቺው ፒንሳ ናት፤ ሱቅም ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ ትከተለኛለች። ጉልቤ ዛሬም ተቀመጥ ሲሉት አይቀመጥም። የወይዘሮ ሙሉን ልብስ ግን እየሄድኩ የማሰጣው እኔ ነኝ፤ እሱ የማይደርስበት ከፍታ ላይ።