ባለ አንድ ዓይኗ እኔ

ከቤታችን አጥር ጀርባ፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር እህል ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። መንግሥት ሲለወጥ እህሉም ማኅበሩም ጠፋ፤ መጋዘኑ ለብዙ ዓመት የሌሊት ወፍ መኖሪያ ሆኖ ቆየ። ሠዓሊዎቹ የመጡት ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ከደብር ደብር እየዞሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚስሉ መሪጌታ፣ ሁለተኛው የሱቅና የሻይ ቤት ታፔላ የሚጽፍ ጎልማሳ፣ ሦስተኛዋ ከደጀን የመጣች የሥዕል አስተማሪ። ሦስቱም ተቀምጠው የሚሠሩበት ቦታ አልነበራቸውም። መሪጌታን አከራያቸው «ቤቴን ቀለም በቀለም አደረጉት» ብላ አስወጥታቸው ነበር።

ቀበሌውን ለምነው መጋዘኑን በትንሽ ኪራይ አገኙ። ታፔላ ጻፊው «የአንድ ሻይ ቤት ስም ከጻፍኩ የወሩ ኪራይ አለቀ» እያለ ይስቅ ነበር። የሌሊት ወፉን ኩስ ለሳምንት ጠረጉ። ማዳበሪያ ከረጢት ቀዳደው፣ እርስ በርሱ ሰፍተው፣ ከጣሪያው ማገር ላይ እያንጠለጠሉ ውስጡን ከፋፈሉት። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ክፍል ደረሰው። ማኅበር ሆኑ፣ ማኅተም አስቀረጹ። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ተምረው የተመለሱ፣ ቦታ ያጡ ልጆች እየተጨመሩ ዘጠኝ ደረሱ።

ይህን ሁሉ ያየሁት በአጥሬ ቀዳዳ ነው። ገብስ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ በሶ እሸጣለሁ፤ ሥራዬ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዓይኔ ከዚያ አይርቅም ነበር።

ልጄ አንድ ናት። አባቷ ሕፃን ሳለች ነው የሞተብን። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ነጥቡ አልመጣላትም። እኔ ነርስነት እንድትማር ፈልጌ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን አጥሩን ዞራ መጋዘኑ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ አላገኛትም። አስተማሪዋን ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ልጄም እንደዚያው።

«እትዬ እኮ እጅሽ ጥሩ ነው አለችኝ።»

«እጅሽንማ እኔ ነኝ የወለድኩት» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ብዙም ሳይቆይ እጅጌዋን እንደ አስተማሪዋ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ጀመረች። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብትለኝ «እትዬ ጨው አትወድም» ትጨምርበታለች። ጥርሷን ባመማት ጊዜ ቀድማ የሰማችው ያቺ ሴት ናት፤ እኔ የሰማሁት ጥርሷ ከተነቀለ በኋላ ነው። ከሁሉ የከፋብኝ ግን አንዲት ቃል ናት። ማታ እራት በልተን፣ ጠዋት ቶሎ እንድቀሰቅሳት ስትነግረኝ፣ «በጊዜ ቤት መድረስ አለብኝ» አለችኝ። ቤት! መጋዘኑን ማለቷ ነው። የተቀመጠችው እኔ ቤት፣ እኔ መደብ ላይ ነበር። ያቺ ያልወለደች ሴት ምጥ ሳታምጥ ልጅ አገኘች ብዬ አሰብኩ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳፈረኝም።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ቀለም የሚያቀጥኑበት የቲነር ሽታ አጥሩን አልፎ ይመጣል። ልጄ በልጅነቷ ደረቷን ያማት ስለነበር ፈራሁ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ቀበሌ የወሰደኝ ግን ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም። ጸሐፊው የነገርኩትን አቃንቶ «ለነዋሪው ጤና ጠንቅ» ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔ ከሥሩ ፈረምኩ። አንድ ሰው መጥቶ ይቆጣቸዋል፣ ልጄም ደንግጣ ትቀራለች ብዬ ነበር።

ቀበሌው ግን መጋዘኑን ለሌላ ሥራ ይፈልገው ኖሯል። የእኔ ወረቀት ምክንያት ሆነለት። ሐሙስ ስብሰባ ይደረጋል፣ አቤቱታው ከጸና ማኅበሩ ይለቃል ተባለ። ልጄ ዓይኗ አብጦ መጣች።

«አንድ ጎረቤት ከሶን ነው፤ ማን እንደሆነ አይነግሩንም።»

ሰፌዴን አንሥቼ ገብሱን ማንፈስ ጀመርኩ።

«ከተዘጋ እትዬ ባሕር ዳር ትሄዳለች። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፣ እማዬ።»

ልጄን ላስቀር ብዬ የፈረምኩት ወረቀት ልጄን ሊወስዳት ነው። እውነቱን ብነግራት ትሄዳለች፤ ባልነግራትም ትሄዳለች።

ረቡዕ ዕለት ሠዓሊዎቹ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ሥራቸውን አይቶ ሐሙስ እንዲናገርላቸው ነው። ልጄ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መጋዘኑ ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የልጄ ክፍል ከከረጢቱ መጋረጃ ጀርባ ሦስተኛው ነው። ሁለት ሥዕል ሰቅላለች። አንደኛው አስተማሪዋ ናት፤ ሙሉ ፊቷ፣ ሁለት ዓይኗ ወደ ሰው ያያል፣ ፈገግ ብላለች። ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ ገብስ ሳነፍስ እፊቴ ተቀምጣ የጫረችው ኖሯል። ሰፌዴን ይዣለሁ፣ ሻሼ ሳይቀር የእኔው ነው። ፊቴ ግን ወደ ጎን ነው። ዓይኔ አንድ ነው።

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው። ሰማዕታትን የሚገድለው ነው። ይሁዳ ነው። አውቃለች አልኩ፤ አውቃ፣ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው የጠራችኝ።

«ይሁዳ አደረግሽኝ?» አልኳት።

«ምን?»

«በቀጥታ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አዎ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ! ይሁዳዋ እኔ ነኝ!»

የከረጢት መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም። መጋዘኑ በሙሉ ሰማኝ። ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች፤ ያን ጊዜ ነው ምንም እንደማታውቅ የገባኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለች በቀስታ።

መሪጌታ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ፤ ሥዕሉን አዩ፣ እኔንም አዩኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ይሁዳን በጎን ስስል ኖሬ እናቶችን አስደነገጥኩ።»

አንድ ሰው ከወዲያ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

«ለምን በጎን ሣልሽኝ ታዲያ?» አልኳት።

«ሦስት ቀን እፊትሽ ተቀምጬ ወደ እኔ እዪ አልኩሽ። አንቺ በሩን ነው የምታዪው። ማን መጣ፣ ማን ወጣ። እኔ እቤት ሆኜ እንኳ በሩን ነው የምታዪው! ከዚህ ሌላ በምን በኩል ልሣልሽ?»

ትታኝ ወጣች። ያን ቀን እኔ ጋ አልመጣችም፤ ያደረችው አስተማሪዋ ዘንድ ነው።

ሐሙስ ቀበሌ ቀድሜ ደረስኩ። ጸሐፊው ሊጽፍልኝ ብዕሩን አነሣ፤ ራሴ እጽፋለሁ አልኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ መስመሩንም ይለቃል። «ሽታ አለ። መስኮት ይከፈትለት። እኔ ግን የከሰስኩት ለሽታው ብዬ አይደለም፤ በቅናት ነው። ክሴን አንሥቻለሁ።» ብዬ ጻፍኩ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በሰው ፊት አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

«በማን ነው የቀኑት?»

«በእሷ» አልኩ፣ ወደ አስተማሪዋ እያመለከትኩ።

«ቅናት እዚህ አይታይም፣ እናቴ» አለኝ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሌላ ከሳሽ አልተገኘም። ተከራከሩና፣ ማኅበሩ በራሱ ወጪ አራት መስኮት ከፍቶ እንዲቆይ ተወሰነ።

ደጅ ላይ አስተማሪዋ መጣችና እጄን ያዘች። «የእርስዎም እጅ ጽሑፍ እኮ ጥሩ ነው» አለችኝ። ልታሾፍብኝ ይሁን ልታጽናናኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ዝናብ መጣል ጀምሮ ነበር። ልጄ ከአስተማሪዋ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ገባች፤ እኔ ከኋላቸው ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ። አልዞረችም። ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ መስኮቶቹ በየት በኩል ቢከፈቱ ብርሃኑ እንደሚያምር ይነጋገሩ ነበር። ሰምቼ እንደገና ቀናሁ። ባሕር ዳር የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። ሳልደርስባቸው፣ ንግግራቸውን ለመስማት ብቻ እየተጠጋሁ፣ እስከ ሰፈራችን ተከተልኳቸው።