ለመንገደኛ የማይጠየቅ ጥያቄ

የበደለኝ ሰው ንጋቱ ይባላል፤ የታላቅ እህቴ የጽጌ ባል ነበር። የበደለኝም በደርግ ጊዜ፣ ወንድሜ በቀለ የጭነት መኪና ይዞ ጅቡቲ በሄደበት ዓመት ነው። በዚያን ዘመን ጋሽ ንጋቱ እያልኩ፣ በአንቱታ ነበር የማነጋግረው። አሁን በወረቀት ላይ አንቱ ልለው ብል እጄ እሺ አላለኝም። አንባቢ ስድ አደግ እንዳይለኝ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነው። የበቀለ ልጅ ሄለንና ባሏ በራሳቸው መኪና፣ በሞያሌ አድርገው ናይሮቢ ሊሄዱ ስለሆነ ሊሰናበቱኝ መጡ። ምሳ እየበላን ሳለ ሄለን ኢንሹራንሳቸው ጋ ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ እየጎረሰች ትጠይቃለች። ድንበር ስንሻገር መኪናችን ሽፋን አለው ወይ? ሰው ብንገጭስ? መኪናው እዚያው ቢቀርስ? በስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅም ሳትሰለች ትመልስላታለች፤ ለኬንያ የሚሆነውን ወረቀት ከመነሣታችሁ በፊት መጥታችሁ ውሰዱ ትላታለች። ባሏ ውሃ ይቀዳል። ዝም በይ ያላት የለም፣ ያማተበ የለም። እኔ ግን መብላቱን ተውኩ።

እናትና አባታችን ገና ልጆች ሳለን ነው የሞቱት። ጽጌ ስታገባ እኔንና በቀለን ይዛን ገባች። ቤቱ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ነው፤ ከፊት ጋቢና ነጠላ የምንሸጥበት ሱቅ፣ ከጀርባው መኖሪያችን። ንጋቱ ያበላኝን አልክድም። ትምህርት ቤትም ልኮኛል። ብቻ በዚያ ቤት ውለታው ከወጡ ጋር አብሮ ይቀርብ ነበር። ሁለተኛ እንጀራ ስናነሣ ዓይኑ ይከተለን ነበር፤ ጽጌም ዓይኑን አይታ ወደ መሬት ታያለች።

ከሱቁ ሌላ በስሙ አንድ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ነበረው። የሚነዳው በቀለ ነው። የመንግሥት ድርጅቶችን ጭነት ከአሰብ ያመላልሳል። አሰብ ያኔ የራሳችን ወደብ ነበር። በቀለ ከዚያ ሲመለስ ፊቱ ከስሎ፣ ሸሚዙ በላብ ጨው ነጥቶ፣ የመኪናው ሞተር ገና ሳይበርድ «አስኩ፣ ነይ ውሰጂ» ብሎ ከመንገድ የገዛውን ሐብሐብ በመስኮት ያቀብለኛል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሱቅ እውል ነበር። ከወንድሜ በቀር በስሜ አቆላምጦ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት በሁዳዴ ጾም አሰብ ተጨናነቀ ተባለና የእኛም መኪና ከሌሎች ጋር ጅቡቲ ሄዶ እንዲጭን ታዘዘ። ለእኛ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነበር። ለፋሲካ የሚለብስ ሁሉ ሸማ ተራ ይፈስሳል፣ ሸማኔዎቹ ከጉለሌ በሌሊት ተነሥተው ሥራቸውን ያመጣሉ፣ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ» እያሉ በመሀላችን ያልፋሉ። ከደንበኞቼ አንዷ እትዬ አልማዝ ነበረች፤ መኪናችን በተመዘገበበት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ጥለት ስታማርጥ ስለ ወንድሜ ጉዞ አወራኋት። እጇ ነጠላው ላይ ቆመ።

«ጅቡቲ? ለብቻው አስጽፏል?»

እንዳላስጻፈ ነገርኳት። የእነሱ ውል ከድንበሩ ኬላ ወዲያ እንደማይሻገር፣ ወደ ውጭ ለሚወጣ መኪና ተጨማሪ ውል እንዳለ አስረዳችኝ። የሚያስጽፈው ግን ባለመኪናው ራሱ ነው፤ ሊብሬውን ይዞ ይምጣ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለች።

ማታ ሽሮ ቀርቦ ይህንኑ ለንጋቱ ተናገርኩ። መጀመሪያ ሳቀ።

«ጅቡቲ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ውጭ አገር የሆነው? ውጭ አገር ማለት ጣሊያን ነው። በአውሮፕላን ነው የሚኬደው።»

በቀለም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ሾፌሩም ባለመኪናውም እንደዚያ ነበር የሚያስበው። ያው በረሃ፣ ያው ፀሐይ፣ ከኬላው ወዲህም ወዲያም ያው ግመል ጎታች፤ እንዲያውም ከአሰብ ብዙም አይርቅም። ባሕር ሳይሻገሩ፣ የሰው መልክ ሳይለወጥ፣ ውጭ አገር ገባሁ የሚል አልነበረም። እኔ ግን አልተውኩም። «ሰው ቢገጭስ?» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ጽጌ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ንጋቱ ያነሣውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«መንገደኛ ፊት አታሟርቺ» አለኝ።

ዛሬ ወጣቶቹ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ያደግንበት ግን ይኸው ነው። መንገደኛ ይመረቃል፤ በሰላም ግባ፣ እንቅፋት አይምታህ ይባላል። ቢገለበጥስ፣ ቢገጭስ የሚል ጥያቄ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ጠርቶታል። እኔም ብሆን ከዚህ አልዳንኩም። አሁንም ሰው መንገድ ሲነሣ የመኪናውን ጎማ ሳይ አፌን እይዛለሁ።

በማግስቱ በቀለ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ብሎ ይመስለኛል፣ «ጋሼ፣ ለማንኛውም አስኩ ያለችውን ይጠይቁልኝ» አለው። ንጋቱ ኮቱን ለብሶ፣ ሊብሬውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ለምሳ ሲመለስ ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ «ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ይሠራል። ጅቡቲም ሱማሌም ይሠራል። በሉ አሁን ይቺ ልጅ እንቅልፍ ትተኛ» አለ። በቀለ ጠቀሰኝ። በሶና ቆሎውን ተሸክሜ እስከ መኪናው ሸኘሁት። ደስ ብሎኝ ነበር የሸኘሁት፤ የሚያንገበግበኝ አንዱ ይህ ነው።

ከሄደ በኋላ እትዬ አልማዝ ነጠላዋን ልትወስድ መጣች። «ያ ሰውዬ ምነው ቀረ? መስኮቱ ላይ ላሉት ነግሬ ጠብቄው ነበር» አለችኝ። ነጠላዋን ሳልጠቀልል ሰጠኋት። ቆይቼ እንደ ሰማሁት ንጋቱ በዚያ ጠዋት ምን አለሽ ተራ ነበር ያረፈደው፤ ለመኪናው የመፍቻ ሣጥን እየተበየደለት ሻይ ሲጠጣ። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ያልሄደው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ንቆት ይሆናል። ወይም እሱም እንደኛው ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ሰው ቢገጭ» ብሎ መጠየቁን ፈርቶት ይሆናል። ፈርቶ ከሆነ አልፈርድበትም። የምፈርድበት ጠይቄያለሁ በማለቱ ነው።

የዚያኑ ቀን ለጽጌ ነገርኳት። መንገድ ላይ ያለን ሰው እንዴት ብለን እንመልሰው? ስልክ የለ፣ የሚደርስበት የለ። ጽጌ ሰማችኝና «በቃ፣ አትድገሚው፤ የወጣ ይግባ በይ» አለችኝ። አልኩ። ብዙ ጊዜ አልኩት።

ወሬውን ያመጣልን አብሮት የሄደ ሾፌር ነው። ሳይቀመጥ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ በመጀመሪያ «በቀለ ደኅና ነው» አለ። ወደብ አጠገብ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስኬድ አንድ የቀን ሠራተኛ ገጨ። ሰውየው አልሞተም፤ አንድ እግሩ ግን ተቆረጠ። ዘመዶቹ ካሳ ጠየቁ። የአገሩ ፖሊስ ኢንሹራንሱን አምጣ ሲለው በቀለ ወረቀቱን አወጣ፣ እዚህ አይሠራም ተባለ። ካሳው እስኪከፈል መኪናው ፖሊስ ግቢ ገባ፣ ወንድሜም ታሰረ።

ንጋቱ ያን ጊዜ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሄደ። ሲመለስ ኮቱን ሰቅሎ ሱቅ ገባ።

ፋሲካ መጣ፣ ዶሮው ተሠራ፣ የሚበላው ሰው ጠፋ። ክረምት ገባ። የሱቁ ቆርቆሮ እያፈሰሰ ጋቢዎቹን ከጥግ ወደ ጥግ እናዞራለን፤ በየዝናቡ ወንድሜ ያለበት ሙቀት ትዝ ይለኛል። ከጅቡቲ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ከስቷል፣ አሞታል ይለናል። ንጋቱ ካሳውን መክፈል ይችል ነበር፤ የሱቅ ዕቃ ነበረው፣ ጽጌም ወርቅ ነበራት። ዛሬ ነገ ይላል። አንድ ቀን ጎረቤት ስለ በቀለ ስትጠይቀኝ ልቤ ሞላና፣ ወንድሜን ያሳሰረው የእህቴ ባል ነው፣ ሳይጠይቅ ጠይቄያለሁ ብሎ ነው አልኩ። መርካቶ ውስጥ የተነገረ ነገር ዕለቱን ምድር ቤቱንም ፎቁንም ያዳርሳል። ሲመሽ ንጋቱ ጆሮ ደረሰ።

ሽማግሌ ጠራ። እሑድ ጠዋት የእድራችን ሰዎች መጡ፤ ዋናው ሐጂ ሸምሱ ነበሩ፣ ከእኛ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው የስልጤ ሰው። ንጋቱ ተነሥቶ ቆመና ተናገረ። መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ የዋሹኝ እነሱ ናቸው ብሎ ማለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይቺ ልጅ መንገደኛ ሊነሣ ሲል ሰው ቢገጭስ ያለች ናት። ጽጌ ሰምታለች። እንዳለችውም ሆነ። አሁን ደግሞ እኔን ታሳጣለች።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ጽጌ አዩ። ጽጌ «ብላለች» አለች። ውሸት አልነበረም።

እትዬ አልማዝ ትጠራልኝ አልኩ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በቤታችን ጉዳይ አናስገባም፣ ዘመኑን ታውቂዋለሽ አሉኝ። ንጋቱም የመጨረሻውን ተናገረ፤ ዕቃዬን ሸጬ በቀለን አስፈታለሁ፣ ግን ስሜ በእሷ አፍ እንደጎደፈ አልከፍልም፣ ይቅርታ ትጠይቀኝ አለ።

ሐጂ ሸምሱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እውነቱ ያንቺ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። «ትልቅ ሰው ግን ዋሽተሃል ተብሎ ቤት አያስተዳድርም። ታናሽ ነው የሚሸከመው። ወንድምሽ ይምጣልሽ።»

ተነሣሁ። ንጋቱ ጉልበቱን ለማስሳም ኮቱን ሰበሰበ። ያን ኮት መሰብሰቡን አልረሳውም። ተንበርክኬ ሳምኩና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «በአፌ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ይቅር ብያለሁ አለ። ሐጂ መረቁን፤ ነገሩ ከእንግዲህ በዚህ ቤት እንዳይነሣ አስማሉን። ማልኩ። ንጋቱም ዕቃውን ሸጠ፤ እንደ ቃሉ አደረገ፣ ይህንንም አልክድም።

በቀለ መስቀል ካለፈ በኋላ መጣ። የምላጭ ያህል ቀጥኖ፣ ፀጉሩ ሳስቶ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ንጋቱና ጽጌ ሁሉን ነግረውት ነበር፤ ማለቴ በእነሱ በኩል ያለውን ሁሉ። ከቀናት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ተራ ነገር፣ «አስኩ፣ ባትይው ኖሮስ?» አለኝ።

ነገሩን ላላነሣ ምያለሁ። ብናገር የጽጌ ትዳር ይፈርሳል፣ እኛም ጎዳና ነን። «እኔ እንጃ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላም ደግ ወንድም ነበር፤ ዳረኝ፣ የራሴን ሱቅ ስከፍት አገዘኝ። ግን እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን መንገድ ሲወጣ አልተሰናበተኝም። ማለዳ ሹልክ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ መሄዱን የምሰማው ከሌላ ሰው ነው። አፌን እንደሚፈራው አውቅ ነበር። ሞት ቀደመኝና ሳልነግረው ቀረሁ። ጽጌም ኋላ ተከተለችው። ያ መሐላ የሚጠብቀው ቤት ዛሬ የለም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ሄለን ትናንት ከናይሮቢ ደውላ በሰላም መድረሳቸውን ነገረችኝ። ወረቀቱን ድንበር ላይ ጠይቀዋቸው አሳይተው አለፉ። አባቷ ለምን እንደታሰረ የምታውቀው እንደ ሌላው ሰው ነው፤ አክስቷ ክፉ ቃል ተናግራበት። ስትመለስ ይህን አነብላታለሁ። አባቷን ለማዳን የተጠየቀ ጥያቄ እንደነበረ ትወቅ። አደጋ ስለተጠየቀ አይመጣም፣ ስላልተጠየቀም አይቀርም፤ ይህን ለመረዳት ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አምኜዋለሁ ማለት አልችልም።

በቀለና ጽጌ ካለፉ በኋላ፣ ንጋቱ በስተእርጅናው ታሞ ሲተኛ ሐጂ ሸምሱን ላከብኝ። እሳቸውም በከዘራና በሰው ድጋፍ ነበር የመጡት። መሥሪያ ቤቱ አለመሄዱን ለሐጂ ነግሯቸዋል፤ መጥታ ይቅር ትበለኝ ብሏል። ለሰው ሁሉ ይንገር አልኩ። ከሁለታችን ውጭ ማንም አይስማ ብሏል አሉኝ። ሻይ አቅርቤላቸው እስከ በር ሸኘኋቸው።

ንጋቱ ሲሞት ሸማ ተራ ያለ ዘመድ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ሄደ። እኔ ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ።