ጾሙና የጠዋቱ ኪኒን

«አባ፣ ጾሜን ከምገድፍ ብሞት ይሻለኛል!» አለችኝ ዛሬ ጠዋት በበቆጂ ከተማ፣ የንስሐ ልጄ አስካለ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቷን ስለ ጾሙ አቋርጣለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጫልቱ «በሽታው ይብስብሻል» ብትላት እምቢ ስላለቻት፣ እኔን ይዛ ወደ አስካለ ቤት ሄደች።

(ዳገቱን ስወጣ ታማሚው እኔ እመስል ነበር።)

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ድውይን በጾም አታስጨንቅም። ኪኒኑን እንድትውጪ አዝዤሻለሁ» አልኋት።

«ኃጢአቱስ?»

«ካለ በእኔ ላይ ይሁን።»

«በሰማይ እንዳይክዱኝ! ጫልቱ ምስክሬ ናት» ብላ ዋጠችው።

ጫልቱ ሳቀች። «ኧረ አባ፣ ነገም ይምጡልኝ፤ እንደ እርሷ ያሉ ሌሎችም አሉ!»

እግዚአብሔር ቢፈቅድ እሄዳለሁ።

እናንተስ ለጾም ብሎ መድኃኒቱን የተወ ዘመድ ገጥሟችሁ ያውቃል? በምን ቃል መለሳችሁት? ጻፉልኝ፤ ነገ ይዤው እወጣለሁ።