የምትራገጥ ብስክሌት

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በመሐል ሜዳ ከተማ የፖስታ ማደያ ብስክሌት በተመረጠበት ማክሰኞ ነው። ምሕንድስና የተማርሁ ነኝና ፍሬኗ አስተማማኝ የሆነችውን አቀረብሁ። የመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ግን በቅሎ ሲገዙ እንደለመዱት ከኋላዋ ቆመው በጥፊ አሏት። ስትወድቅ ፔዳሏ ቅልጥማቸውን መታቸው።

«ይቺማ ትራገጣለች!»

«ጋሼ፣ ብስክሌት እኮ ናት!»

«አንተ በቅሎ ገዝተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ግድግዳ ተደግፋ የቆመችውን፣ ፍሬን የሌላትን ሌላዋን ብስክሌት ግን በጥፊ ቢሏት ንቅንቅ አላለችምና «ጨዋ ናት» ብለው መረጧት። እኔን «አስቸጋሪ» ብለው ከኮሚቴው አባረሩኝ።

ይህ ከሆነ ከዓመታት በኋላ፣ ትናንት ፖስተኛውን በሞላሌ መንገድ አገኘሁት። ብስክሌቷን ከነደብዳቤው በቅሎ ላይ ጭኖ በእግሩ ይነዳል።

«ምነው?»

«ቁልቁለት ላይ አልቆም አለችኝ። በቅሎዋን የመረጡልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ በምርጫ አይታሙም።»

ጋሽ ደምሴ፣ እኔ የተባረርሁት ስለ ብስክሌቷ ነው ወይስ ስለ በቅሎዋ? ይመልሱልኝ!