«ተሰናበተ» የተባለው አሰልጣኝ

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከኬንት የወጣሁት ሰው ልሸኝ ነው። የኮሚኒቲያችን የኳስ ቡድን አሰልጣኝ፣ ብራዚላዊው ቫልዲር፣ «ተሰናበተ» ብሎ የአማርኛው ሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። ለስንብት በባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ድፎ ጋገርኩ፣ በነጠላ ቋጠርኩ።

እስከ ታክዊላ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር የቡድኑ ሜዳ ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ኮሎምቢያ ሲቲ። ዳቦው ትኩስ ነበርና ፉርጎውን ሁሉ አወደው። ከጎኔ የተቀመጡ የሶማሌ አዛውንት ለማን ነው ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። በእግሬ ኳስ መምታት ባሳያቸው ሳቁብኝ።

ኮሎምቢያ ሲቲ

ሜዳው ላይ ድግስ የለም። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ፊሽካውን ሌላ ሰው ይዞታል። የቡድኑን ሰብሳቢ ግርማን ስንብቱ የት እንደሆነ ብጠይቀው ተጫዋቾቹ ተሳሳቁ።

«እማማ፣ ተሰናበተ ማለት እኮ ፋየር አደረግነው ማለት ነው። ስለተሸነፍን።»

«ማን ሄዶ ነገረው?»

«ቴክስት አደረግንለት።»

ደሜ ፈላ። በዚህ ከተማ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ልጆቻችንን ያሠለጠነ ሰው በስልክ ይባረራል? ካባረሩትስ አባረርን አይሉም? መሰናበትን የሚያህል ደግ ቃል ምን በደላቸው?

«ቤቱን ታውቀዋለህ። ዳቦውን ተሸከም» አልኩት።

«ግን… እማማ፣ ልምምድ ላይ እኮ ነን።»

«ፊሽካ የሚነፋ አለልህ።»

ተሸከመ።

ከጸጉር ቤቱ ጀርባ

ቫልዲር የሚኖረው ከአንድ ጸጉር ቤት ጀርባ ነው። በሩን ከፍቶ «እማማ! ና፣ ግባ!» አለኝ። እንደ ወንድ መጥራቱን ያስተማሩት እነዚያ ባለጌ ተጫዋቾች ናቸው። ግድግዳው ላይ በወጣትነቱ ኳስ ታቅፎ የተነሳው ፎቶ አለ። ዳቦውን ቆርሰን እየበላን በእንግሊዝኛ አወራ፤ ግርማ ይተረጉምልኛል። በአገሩ ስሙ የተጠራ አጥቂ ነበር። ጉልበቱ ተጎድቶ መጫወት አቁሞ ጫማውን ሲሰቅል ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። ከዚያ አሰልጣኝ ሆነ።

እዚህ ላይ ግርማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹አሰልጣኝ ከሆንኩ ወዲህ ከሦስት ቡድን ተባረርኩ። በሬን ያንኳኳ ግን አልነበረም› ይላል።»

«ጨርሰህ ተርጉም» አልኩት፣ ቫልዲር ገና እያወራ ነበርና።

«‹ግርማ ዛሬ በመምጣቱ አመሰግነዋለሁ› ይላል።»

ግርማ ቁራሹን አስቀመጠ። ተነስቶ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። ይህን ማንም አልተረጎመልኝም፤ ሲተቃቀፉ ግን አየሁ።

ወደ ኬንት

ግርማ በመኪናው አደረሰኝ። ደጃፌ ላይ ፓርክ ካደረገ በኋላ፣ «እማማ፣ አሁን ገና ተሰናበተ» አለኝ።

ንዴቴ እንኳ አልወጣልኝም። ከእንግዲህ ግን ሬዲዮው እገሌ ተሰናበተ ቢለኝ፣ በሩን ማን አንኳኳ ብዬ እጠይቃለሁ።